አራት ከአሥር፣ አራት ከአሥራ ስድስት

የወርቅ ቤቱ ዘበኛ አቶ አብርሃ የተገኙት በሩ ሥር በጎናቸው ተጋድመው፣ ቁልፋቸውን እንደጨበጡ ነው። ጭንቅላታቸውን በመዶሻ ተመትተዋል። የጌጣጌጡ መስታወት ተሰነጣጠቀ እንጂ አልረገፈም፤ ሐብሉም ቀለበቱም በየቦታው ተደርድሮ ያብለጨልጫል። ሌቦቹ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ነው የሸሹት።

አምቡላንሱ ሽማግሌውን ይዞ ከሄደ በኋላ ኢንስፔክተር ወርቅአፈራሁ ወለሉ ላይ የቀረችውን የአንድ እግር ጫማቸውን አንስቶ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ኖሯል፤ አሥራ ዘጠኙን እዚሁ አራዳ። ጥርሱን የነቀለበት ሰፈር ነው። ፒያሳ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሮ እንኳ፣ የትኛው ደጃፍ የማን እንደነበረ ዓይኑን ጨፍኖ መናገር ይችላል። እንዲህ ባለ ሰው አፍንጫ ሥር፣ በአሥራ አምስት ቀን ሦስት ወርቅ ቤት በጠራራ ፀሐይ ሲደፈር ነገሩ ከወንጀልነቱ ይልቅ ስድብነቱ ነበር የሚያንገበግበው።

ሦስቱም ጊዜ አካሄዱ አንድ ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሞተር፣ ከኋላው ምግብ አድራሾች የሚጭኑት ዓይነት ሣጥን። የራስ ቁራቸውን አያወልቁም። ሦስቱም ጊዜ የሚመጡት ደግሞ ወርቅ ቤቶቹ ጥግ የሚቆመው ፓትሮል ሦስት ለሌላ ሥራ በተጠራ በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

የዛሬው ማክሰኞም እንደዚያው ነበር። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር አንድ ግንብ ሰው ላይ ተንዷል ተብሎ ፓትሮል ሦስት ወደዚያ እንዲወርድ በሬዲዮ ታዘዘ። አራት ከአሥራ ስድስት ላይ ወሬው መሠረት የሌለው ሆኖ ስለተገኘ ተመለስ ተባለ። ይህን ሁለተኛውን ትዕዛዝ ወርቅአፈራሁ የሰማው የጣቢያውን ደረጃ ሲወጣ ነው። ፓትሮሉ አራት ከሃያ ላይ ጥጉን ሲታጠፍ ሌቦቹ ገና መዶሻቸውን ማንሳታቸው ነበር። ሳይሬን ሲሰሙ በሩን የዘጉባቸውን ሽማግሌ መትተው፣ በጓሮ በኩል ባቆሙት ሞተር አመለጡ።

የወርቅ ቤቱ ባለቤት አቶ ገነነ በረጋ ድምፅ ነበር የሚናገረው፤ ቁጣው የገባው እጁ ውስጥ ነው፣ መሀረቡን ሲጨምቅ።

"ኢንስፔክተር፣ እኔ ፖሊስ አላማም። ግን እነዚህ ሰዎች የእናንተን መሄድ ከእናንተ ቀድመው ያውቃሉ።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሪ በከንቱ ያሉት ሬዲዮ ሠሪ ጋሽ አብዱልሙሀይሚን የፖሊስ ሬዲዮ የሚጠልፍ አዲስ ዕቃ ከዱባይ እንደመጣላቸው ነገረው። ከማን እንደሰማ ሲጠየቅ፣ ማኪያቶ ሲጠጣ ኬክ ቤቱ ውስጥ ሲወራ ነው አለ። ወርቅአፈራሁ አድራሻውን ጻፈና ወጣ።

የሬዲዮ ነገር ሲነሳ ጣቢያው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል፤ ምክንያትም አለው። ከሦስት ሳምንት በፊት አሮጌዎቹ ሬዲዮኖች ተሰብስበው በምትካቸው ዲጂታል መጥተዋል። አሮጌው ሲናገር ጣሪያ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስል ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ አንዲት ቃል ለቅሞ ለማውጣት ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ጆሮን ለዓመታት ማሠልጠን ይጠይቃል። አዲሱ ግን እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ይላል። ያመጣው ባለሙያ፣ ንግግሩ በምስጢር ተቆልፎ ስለሚሄድ አየር ላይ ማንም ሊሰማው እንደማይችል፣ ደግሞም ከሁሉም መካከል አንዱን ብቻ ለይቶ መጥራት እንደሚቻል አስረዳ። የመጀመሪያ ሰሞን መገረሙ ከጣቢያው አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። ወርቅአፈራሁ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ቆሞ ማኪያቶ የሚጠጣበት ኬክ ቤት፣ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ተስፋ እንኳ "ጋሽ ወርቄ፣ ይሄማ ኤፍ ኤም ነው፤ ዘፈን ብቻ ነው የቀረው" ብሎ አስቆታል።

ሳጅን ሰምሃር እሪ በከንቱ ድረስ አብራው ወረደች። ቀልጣፋ መርማሪ ናት፤ ዝምታዋ ግን ለወርቅአፈራሁ አይገባውም። በዚያ ሳምንት ደግሞ ይበልጥ ዝም ብላለች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ራቅ ብላ ታወራለች።

የጋሽ አብዱልሙሀይሚን ሱቅ ከፈረሳው ከተረፉት አራት ክፍሎች አንዱ ነው። በሩ ላይ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎበታል፣ ተራው ደርሷል ማለት ነው። አባታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ ሱቅ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ይጠግኑ ነበር፤ እሳቸው ወደ ሬዲዮ ዞሩ። የተፈለገውን ዕቃ ለመደበቅ ቀርቶ፣ ጠያቂ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ራሳቸው ከመሳቢያ አወጡት። የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ጥቁር፣ አጭር አንቴና የተሰካበት ዕቃ ነው።

"ስካነር ይሉታል። አየር ላይ የሚያልፈውን ንግግር እያሰሰ ይይዛል። የእህቴ ልጅ ነው የላከልኝ፣ ሞክረህ አስተያየትህን ጻፍ ብሎ። ልጄ ኑሰይባ ቴሌግራም ላይ ትለጥፈዋለች፤ እንደኔ ሬዲዮ ያበዳቸው ሁለት መቶ ሰዎች ያነቡናል" አሉ።

አስተያየታቸውን የሚጽፉበት የተማሪ ደብተር አጠገቡ ነበር። ወርቅአፈራሁ ገለጠው። "አንደኛ ቀን። አያያዙ ይመቻል። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አይታይም። የሆቴል ጥበቃዎችን በደንብ ይሰማል። የፖሊሱን አገኘሁት፤ መብራቱ ይበራል፣ ድምፁ ግን ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ነው።" ቀጥሎ ቀኖችና ሰዓቶች በእርሳስ ተደርድረዋል። የመጨረሻው የዛሬ ነው። "ማክሰኞ። አራት ከአሥር፣ መብራቱ በራ፣ ድምፁ ሽሽሽ ብቻ። አራት ከአሥራ ስድስት፣ በራ፣ ሽሽሽ።"

ሰምሃር በትከሻው ላይ አሻግራ አነበበች። ጣቷን ወደ ቀደሙት መስመሮች አወጣች። ያለፉት ሁለት ዘረፋዎች ሰዓትም እዚያው ነበር።

ጋሽ አብዱልሙሀይሚን ለምን ጣቢያ እንደሚሄዱ ሲነገራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። "ልጄ፣ ዕቃው የፖሊስ አይሰማም ብዬ እኮ ነው የጻፍኩት" አሉ። "ቢሰማልኝማ ደስታዬን ለማን እደብቀው ነበር?"

ኮማንደር ወልደገብርኤል ደብተሩን ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ። ከበላይ በየሰዓቱ እየተደወለለት፣ የተመቱት ዘበኛ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ተጠርጣሪ ሰዓቱን በገዛ እጁ ጽፎ ሲያመጣ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ሽሽሽ የሚለው ቃል ለማደናገሪያ የተጻፈ ነው አለና አሳሰራቸው።

ከሰዓት በኋላ ኑሰይባ የምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው፤ የቢሮ መታወቂያዋን ከአንገቷ አላወለቀችም። ወርቅአፈራሁ ማስረጃ እንዳላቸው ሲነግራት አላለቀሰችም።

"አባቴ ሌባ አይደለም ብዬ አልለምንዎትም። ይህን የማይል ልጅ የለም" አለችው። "የምለምንዎት ሐሙስን ነው። ሐሙስ ወረዳ ራሱ ቀርቦ ካልፈረመ ለሚፈርሰው የሚሰጠውን ምትክ ሱቅ ያጣል። ውክልና አይቀበሉም፣ ጠይቄያለሁ። ሐምሳ ዓመት የሠራበት ነገር ነው።"

ዕቃውን ከፈተሽን በኋላ እናያለን ብሎ ሸኛት። ልቡን ግን ደስ አላለውም።

ፍተሻው ረጅም አልነበረም። ስካነሩን ጠረጴዛው ላይ አበራው፤ ሰምሃር ግቢ ወርዳ በአዲሱ ሬዲዮ ስሟን እየደጋገመች ጠራች። መብራቱ በራ። የወጣው ድምፅ ሽማግሌው እንደጻፉት የሽንኩርት ጥብስ ነው። ቦታ ቀየሩ፣ አንቴና ቀየሩ፣ ያው ነው። ኮማንደሩ ግን ሽማግሌው ሬዲዮ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው መሆናቸውን አንስቶ፣ ያልነገሩን ዘዴ ይኖራቸዋል አለ። ሌላው መንገድማ፣ አየር ላይ ካልተሰማ ከውስጥ የሚያወጣ ሰው አለ ማለት ነው። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ በዚያ ምሽት ሥራ ሲቀያየሩ ግን ጣቢያው ውስጥ ሰው ለሰው በጎሪጥ መተያየት ጀምሮ ነበር።

ወርቅአፈራሁም ከዚህ አላመለጠም። ረቡዕ ጠዋት ሰምሃርን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። ሦስቱም ዘረፋ ቀን ስልክ ይዛ ከክፍል ስትወጣ አይቷታል። ለማን ነው የምትደውይው ሲላት ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ስልኩን ከፍታ ፊቱ አኖረችው። የእናቷ ቁጥር ነበር፣ ደግሞ ደጋግሞ የእናቷ። ከተወለደችበት ቤት ከከተማ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም እየተዘዋወሩ ነው፤ አሮጊቷ የቡፌያቸው መስታወት ይሰበራል ብለው ጭነት መኪና አንድ በአንድ እየመለሱ ፈጇት።

"እኔን ከጠረጠሩ፣ ኢንስፔክተር፣ ሥራዎን ነው የሠሩት" አለችው። "ግን ቀድመው ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።"

አፈረ። ይቅርታ ማለት ደግሞ ያልለመደው ነገር ነው፤ ሻይ እንድትጠጣ ብቻ ነገራት። እሷም ሻዩን ሳትነካ ደብተሩን ሳበችና ማክሰኞን አየች።

"እነዚህ ሌቦች ግን ቂሎች ናቸው" አለች እንደ ዋዛ። "ፓትሮሉ ተመለስ ከተባለ በኋላ ምን ሊያደርጉ መጡ?"

ወርቅአፈራሁ ብርጭቆውን ወደ አፉ እያስጠጋ ነበር። መልሶ አስቀመጠው።

በእርግጥም ምን ሊያደርጉ መጡ? አራት ከአሥሩን ትዕዛዝ ሰምተዋል፣ ባይሰሙ አይመጡም። አራት ከአሥራ ስድስቱን ግን አልሰሙም፣ ቢሰሙ ይቀሩ ነበር። ስካነር ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ይሰማል፤ የሽማግሌው ደብተርም ሁለቱንም ይዟል። የሬዲዮ ክፍሉ ሰዎች ሁለቱንም ሰምተዋል። ፓትሮሎቹ ሁለቱንም ሰምተዋል። የሚፈለገው የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛው ያመለጠው ሰው ነው። አራት ከአሥር ላይ ሬዲዮ አጠገቡ የነበረ፣ አራት ከአሥራ ስድስት ላይ ግን ሬዲዮው ተነስቶ የሄደበት ሰው።

እሱ ራሱ ሁለተኛውን የሰማው የጣቢያውን ደረጃ ሲወጣ ነው። የመጀመሪያውንስ?

የት እንደነበረ ለማስታወስ ማሰብ አላስፈለገውም። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ የት እንደሚሆን ፒያሳ በሙሉ ያውቃል። ኬክ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነበር፣ ሬዲዮው ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ ቆሞ፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው ያደረገው። አሮጌው ሬዲዮ ባንኮኒ ላይ ቢጮህ ከፖሊስ በቀር ለማንም የዝናብ ድምፅ ነበር፤ ጫጫታው ራሱ ቁልፍ ሆኖ ኖሯል። መሣሪያው ሲቀየር እጁ ያንኑ ልማድ ቀጠለ፤ ከባንኮኒው ወዲያ የሚቆም ሰው እያንዳንዷን ቃል እንደ ዜና እንደሚሰማት ልብ አላለውም። ማሽኑ ላይ የሚቆመው ተስፋ ደግሞ ጥርት ማለቱን አድንቆለት አብረው ስቀው ነበር።

በመጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ዝም ማለት ነው። እንዲህ አለመሆኑን ማስመሰል አይገባም። ኮማንደሩ ተጠርጣሪውን ይዟል፣ ደብተሩ አለ፣ ሰምሃርም ቂሎች ናቸው ብላ አልፋዋለች። ከነገ ጀምሮ ማኪያቶውን ሌላ ቤት ቢጠጣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ጡረታው ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ኑሰይባ የምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ነገ ሐሙስ ነው።

"ሰምሃር" አለ፣ "አራት ሰዓት ሊሆን ስንት ቀረው?"

ሁሉንም ነገራት። ስትሰማ ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም፤ ለዚህም በልቡ አመሰገናት። ዕቅዱን አብረው አወጡ። ተስፋ ሽማግሌው እስር ላይ እያሉ ሌላ ዝርፊያ እንደማይሞክር የታወቀ ነው፤ ጥፋቱ እላያቸው ላይ እንዲጸና ይፈልጋል። ስለዚህ በዝርፊያ ሳይሆን በፍርሃት ነበር መሞከር ያለበት። ሰምሃር አራት ፖሊሶች ይዛ በሲቪል ልብስ ውቤ በረሃ ሰፈር፣ አንድ ሞተር ከሌሎች መሐል ሊደበቅ የሚችልባቸው ጋራዦች ያሉበት መንገድ መግቢያና መውጫ ላይ ትቆማለች። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ በአዲሱ ሬዲዮ የወርቅአፈራሁን ሬዲዮ ብቻ ለይታ ትጠራለች። ባለሙያው አንዱን ለይቶ መጥራት ይቻላል ያለውን ያኔ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር።

ወርቅአፈራሁ ኬክ ቤቱ ሲገባ ተስፋ ገና በሩ ላይ እያለ ማኪያቶውን ጀመረለት። ተጫዋች ሰው ነው፣ ጣቱ ፈጣን፣ አፉም እንደጣቱ። የአቶ አብርሃን ጤና ጠየቀ፣ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ፣ ያ ሬዲዮ ሠሪ ተያዘ መባሉ እውነት ነው ወይ አለ።

"አንተ ማን ነገረህ?" አለ ወርቅአፈራሁ ሬዲዮውን ከስኳሩ አጠገብ እያቆመ።

"ሰፈሩ በሙሉ የሚያወራውን። ዕቃውን እኮ ለሁሉ ነበር የሚያሳዩት፤ እኔም ለአቶ ገነነ ነግሬያቸው ነበር፣ ተጠንቀቁ ብዬ።"

አቶ ገነነ ከኬክ ቤት ሰማሁ ያለው ወሬ ምንጩ ይኸው ተገኘ። ወርቅአፈራሁ ስኳሩን ቀስ ብሎ ማማሰል ያዘ። ሬዲዮው ጮኸ፤ የሰምሃር ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"ለሁሉም ፓትሮል። የሞተሩ መግለጫ ተገኝቷል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ውቤ በረሃ ያሉትን ጋራዦች በሙሉ እንፈትሻለን። ተዘጋጁ።"

በዚያ ሰዓት በከተማው ውስጥ ይህን የሰማ ሬዲዮ አንድ ብቻ ነው። ወርቅአፈራሁ እንደ ሁልጊዜው ልብ ያላለ መስሎ ማኪያቶውን ፉት አለ። ተስፋ የጀመረውን ወተት ሳያሞቅ አስቀመጠ። ጨርቁን አጠፈ። "ጋሽ ወርቄ፣ አንዴ ጓሮ ደርሼ ልምጣ" አለና በኋላ በር ወጣ፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንዳልነበረና እጁ ውስጥ እንደነበረ ወርቅአፈራሁ በማሽኑ ነጭ ብረት ላይ አየው።

ተስፋ ተመልሶ መጥቶ ለሁለት ደንበኛ ቀዳ። ከዚያ ሬዲዮው እንደገና ተናገረ። አንድ ሰው ሰሌዳ የተፈታ ሞተር እየገፋ ከጋራዥ ሲወጣ ተይዟል፤ ምግብ ማድረሻ ሣጥኑ ውስጥ የሁለተኛው ወርቅ ቤት ሐብሎች በጋዜጣ እንደተጠቀለሉ አሉ። ሰውየው የተስፋ የሚስት ወንድም መሆኑን ተናግሯል፣ በዘረፋው አብሮት የነበረውንም ስም ሰጥቷል። የመጨረሻው የስልክ ጥሪ የመጣው ከስድስት ደቂቃ በፊት ነው፣ የደዋዩም ስም ስክሪኑ ላይ አለ።

ተስፋ አልሮጠም። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ሲገቡ አይቷቸዋል። ሁለቱን እጆቹን ባንኮኒው ላይ አኖረ።

"እኔ ጆሮዬን ምን ላድርገው?" አለ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። "በየቀኑ እዚህ አቁመው የሚያሰሙኝ እርስዎ ነዎት። ስንቴ በልቤ አሁን ይዘጋዋል ብያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ቢዘጉት ኖሮ፣ ጋሽ ወርቄ።"

ወርቅአፈራሁ መልስ ነበረው፤ ሰምቶ መተውና ሰምቶ መዶሻ ማስያዝ አንድ እንዳልሆኑ ሊነግረው ይችል ነበር። የማኪያቶውን ሒሳብ ባንኮኒው ላይ ትቶ ሬዲዮውን ዘጋና ወጣ።

ማምሻውን ሪፖርቱን ጻፈ። መረጃው የወጣበት መንገድ በሚለው ቦታ ላይ ሙሉ ስሙን ከነማዕረጉ አሰፈረ። ኮማንደር ወልደገብርኤል አንብቦ ሲጨርስ፣ ሬዲዮ ተሰምቷል ብሎ ማለፍ እንደሚበቃ፣ ስም መጻፍ የግድ እንዳልሆነ በለሆሳስ ነገረው። ወርቅአፈራሁ ይኑር አለ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ሆስፒታል አለፈ። አቶ አብርሃ ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ ከወርቅ ቤቱ ያመጣትን የአንድ እግር ጫማቸውን ከአልጋው ሥር አኖረላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ጋሽ አብዱልሙሀይሚን ተለቀቁ። ስካነሩ ፈቃድ ስለሌለው እስኪጣራ ጣቢያ እንደሚቆይ ወርቅአፈራሁ ሲነግራቸው፣ ይቆይ፣ ለእኔ አልረባኝም አሉ። ወረዳው ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል። ኑሰይባ የአባቷን ክንድ ይዛ ለመውጣት ከተነሳች በኋላ ዞር አለች።

"ምስጢሩን ማን ነው ያወጣው?" አለች። "አባቴ ሁለት ሌሊት የታሰረበትን ሰው ማወቅ አለብኝ።"

"እኔ ነኝ" አላት። ባንኮኒውንም፣ ድምፁንም፣ ሁሉንም ነገራት። ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም፤ ከስድብ የከፋ ነበር።

ሽማግሌው ሲነገር በጥሞና ነው ያዳመጡት፣ የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣላቸው እንደሚያደርጉት። ከዚያ የተመለሰላቸውን ደብተር የመዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እርሳስ ተውሰው አንድ ነገር ጻፉ። ሲጨርሱ ወደ ወርቅአፈራሁ አዞሩለት። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የለም።

"ማጠቃለያ። ዕቃው የሆቴል ጥበቃዎችን ለመስማት ጥሩ ነው። የፖሊስ ሬዲዮ መስማት ለሚፈልግ ግን እንዲገዛው አልመክርም። አንድ ማኪያቶ ይበቃዋል።"

ወርቅአፈራሁ ሁለት ጊዜ አነበበው። ኑሰይባም በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አነበበችው፤ ስልኳንም አወጣች።

"ቴሌግራም ላይ ልለጥፈው?" ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው አባቷን አልነበረም።

"ለጥፊው" አላት።